የጎደለችው ጣት

እሑድ ከሰዓት ላይ ስልኬ ደወለና፦
«ጣት ተሰብሮብናል፣ ጀሶህን ይዘህ ና።
አምስት ኪሎ፣ ሙዚየም፤ በጓሮው በር ግባ፤
ማክሰኞ መክፈቻው ነው፣ ቶሎ፣ ሰው ሳይገባ።»
የማን ጣት ነው ብዬ አልጠየቅሁም እኔ፤
ሥራ የተገኘ ቀን፣ ያ ብቻ ነው ቀኔ።
ደባልቄን አስከትዬ፣ ባልዲና ማንኪያ ይዤ፣
ከአራት ኪሎ ሽቅብ በእግሬ ተጉዤ፣

ገባሁ።
አዳራሹ ጨልሟል፤ አንድ መብራት በርቷል፤
ከመብራቱ ሥር ሰው በጎኑ ተኝቷል።
ፊቱን በክንዱ ከልሎ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ስቦ፣
ብርድ ልብሱን እንደገፈፉት ልጅ፣ ራሱን በራሱ ከብቦ።

ወርቅያንፈሩ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች፣
«ቅጂ ነው፤ ዋናው እዚያው አገሩ ነው» አለች።
ከዚያ ነገረችኝ፦
ፖምፔይ የምትባል የሮማውያን ከተማ፣
ተራራዋን እንደ ጎረቤት አምና፣ ወይኗን ስትጠጣ ከርማ፣
አንድ ቀን ጎረቤቷ ፈንድቶ፣ ቀኑ በቀትር ጨልሞ፣
አመድ እንደ ክረምት ዘንቦ፣ ሰዉ በያለበት ቀርቶ፣ ተጋድሞ።
ሥጋው ውስጥ ውስጡን ሲያልቅ፣ አመዱ ደርቆ ድንጋይ ሆነ፤
ባዶውን አቅፎ ኖረ፣ ለቅርፁ እንደታመነ።
ዘመን አልፎ ቆፋሪ መጣ፤
ባዶው ላይ ጀሶ በጥብጦ አፈሰሰ፤ አመዱን ቢሰብረው ሰው ወጣ።

«ጀሶ?» አልኳት።
«ጀሶ።»
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጀሶ ጋር ኖሬ፣
በሰው ሳሎን ጣሪያ ጽጌረዳ ደርድሬ፣
ኮርኒስ ሳቃና፣ ስንጥቅ ስደፍን ውዬ አድሬ፣
ሰውም ይወጣዋል ያለኝ የለም እስከ ዛሬ።

የጎደለችው ሌባ ጣቱ ነበረች።
ምን ሰርቃ? ምንም፤ ሳጥን ውስጥ ተንገላታ ነው የተሰበረች።
አጎባበጧን ልይ ብዬ ደባልቄን፣
«እስቲ ተኛ» አልኩት፣ «እንደዚህ ሰውዬ፤ እጅህን ወዲህ።»
ሳቀ። ወለሉ ቀዘቀዘውና ደግሞ ሳቀ።
ፊቱን ክንዱ ውስጥ ሲቀብር፣ ሳቁ አለቀ።
ጣቱን ለካሁ፤ በጠበጥኩ፤ ቀረፅኩ።
«በቃ፣ ተነሳ» ብለው ቆየ።
ሁለተኛ ጠራሁት። ሦስተኛ።
ተነሳ፣ አንድም ነገር ሳይል፣ ግድግዳውን እያየ።

«ክፍያው ከሳምንት በኋላ ነው» አለች ወርቅያንፈሩ።
አመድ አፋሽ እጅ የሚሉት፣ ለካ ይኼ ነው ነገሩ።

ስንመለስ በፒያሳ ወረድን።
ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ ዛሬ ሣር የተተከለበት፣
ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት፣ ማታ መብራት የሚበራበት።
ለእኛ እንኳ ተነግሮናል፤ ተራራ ፈነዳ አልልም፤
በራችንን ነቅለን፣ ቆርቆሯችንን ጭነን ወጣን፤ የሞተ ሰው የለም።
ግን ያቺ ሦስት በአራት ክፍል አቅፋ የያዘችው አየር፣
አባቴ ተደግፎ ተደግፎ ያጎደጎደው የጭቃ ግድግዳ ነበር፤
ሽታዬ ሽንኩርት የምታቀብልበት ቀዳዳ ነበር በአጥር፤
እነዚያ ባዶዎች የት ሄዱ?
አመድ ቢሆን ይዞ ያቆያቸው ነበር፤
ግሬደር አያውቅበትም።
ባልዲዬ ሥር ትንሽ ጀሶ ቀርታለች፤ ደርቃ ጠጥራለች፤
ደግሞም አትበቃም።

ማክሰኞ ቲኬት ቆርጠን ገባን፣ እንደ ሰው፣ በፊት በር።
ተማሪዎች ከበውታል፤ አስተማሪያቸው ስለ ተራራው ታወራ ነበር።
አንዷ ልጅ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣
«ቲቸር፣ ያቺ ጣት ለምን ነጣች?» አለች፣ ሰልፉን አልፋ።
ደባልቄ ከኋላዬ ነበር።
ዞር ብዬ ሳየው፣
እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶታል።